ሪሞቱን አስቀምጥና ስማኝ

ናይሮቢ፣ ሀርሊንግሃም ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በሩ የማይዘጋ የሐበሻ ቤት አለ። የቤቱን እመቤት ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ቡናው በረካ ሳይደርስ የሚነሣ እንግዳ ያስቀይማቸዋል፤ ስለዚህ ከአቦል እስከ በረካ ቴሌቪዥን ይታያል። ሰሞኑን የያዘን «ሃይጃክ» ነው፤ ኢድሪስ ኤልባ የሚሠራበት፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ተከታታይ ድራማ። ከዱባይ ወደ ለንደን የሚበር አውሮፕላን አየር ላይ ይጠለፋል። በረራው 7 ሰዓት፣ የድራማው የመጀመሪያ ምዕራፍም 7 ክፍል ነው፤ እነሱ ሰማይ ላይ ሲጨነቁ እኛም ሶፋ ላይ እኩል እንጨነቃለን።

እዚያ ቤት ድራማ የሚያይ የለም፤ ሁሉም ይፈርዳል። አብራሪው ላይ፣ ጠላፊው ላይ፣ ደራሲው ላይ፣ ኢድሪስ ላይ። እኔ ያደግሁበት የአዲስ አበባ ሰፈር ደግሞ ለነገር መልስ የሌለው ልጅ ኳስ አይሰጠውም ነበር፤ ዝም ብዬ መስማት አልለመድኩም። ለእያንዳንዱ ፍርድ መልስ አለኝ። መልሴን ግን ከድራማው አላመጣም። የማመጣው በዓል በመጣ ቁጥር ሻንጣ እየጎተትን ከምንመላለስበት ከአዲስ አበባ–ናይሮቢ መስመር ነው።

መጀመሪያ አፉን የከፈተው ሪሞቱን የያዘው ወጣት ነው።

— ጥቂት ሰው አውሮፕላን ሙሉ ሕዝብ ሊያግት? ተዉኝ እባካችሁ፣ ተረት ነው!

— ሪሞቱን አስቀምጥና ስማኝ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ እንደ ዛሬው ቅዳሜ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ከቦሌ ተነሣ፤ መጀመሪያ እዚህ ናይሮቢ፣ ከዚያ ብራዛቪል፣ ሌጎስ፣ አቢጃን። ቦይንግ 767 ነው፤ ውስጡ 175 ሰው አለ። በረራው 20 ደቂቃ እንደሞላ ሦስት ወጣቶች ተነሥተው አብራሪዎቹ ክፍል ገቡ። መሣሪያ ይዘው አልመጡም፤ መጥረቢያውንና የእሳት ማጥፊያውን እዚያው ከክፍሉ ነጠቁ። አንድ የተሸፈነ ጠርሙስ አሳዩና «ቦምብ ነው» አሉ። «11 ነን» አሉ። በኋላ ሲጣራ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ጠርሙሱም መጠጥ ነበር። የጎደሉትን ስምንቱን ፍርሃት ሞላቸው። አንተ እኮ ትናንት ማታቱ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ጮክ ስላለብህ ብቻ መልስህን ሳትቀበል ወርደሃል!

ሳቁ አለቀና ሁለተኛዋ ተነሣች። የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ቁጥር ሲዛባ አይታ አታልፍም።

— ሰው ማገቱን እቀበላለሁ። ግን ደራሲዎች ጠላፊን ለምን ደደብ ያደርጉታል? አውሮፕላን የሚጠልፍ ሰው ሳያሰላ አይገባም።

— እህቴ፣ እነዚህ አስልተው ነበር። ያሰሉት ከመጽሔት ነው። አውስትራሊያ ውሰደን አሉት ካፒቴኑን፤ ጥገኝነት ፈልገው ነው። ካፒቴን ልዑል አባተ «ነዳጁ ለናይሮቢ የተቀዳ ነው፤ አያደርሰንም» አላቸው። እነሱ መቀመጫ ኪስ ውስጥ የምትገኘውን የአየር መንገዱን መጽሔት ገለጡ። እዚያ ላይ ቦይንግ 767 ሳያርፍ ለስንት ሰዓት መብረር እንደሚችል ተጽፏል። መጽሔቷ የምትናገረው ታንኩ ሙሉ ስለሆነ አውሮፕላን ነው፤ እነሱ የተሳፈሩት ለናይሮቢና ለትንሽ መጠባበቂያ የሚሆን ነዳጅ የያዘ አውሮፕላን ላይ ነው። ካፒቴኑ የነዳጁን መለኪያ ያሳያል፣ እነሱ ገጹን ያሳያሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ይህን ያህል ከፍታ ላይ የተፈጸመ አይመስለኝም። ሒሳብ ትወጃለሽ አይደል? ስሌቱ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ከምን ላይ እንደሚቀነስ ነው።

ዝም አለች። እኔ ግን አልጨረስኩም፤ የዚህችን መጽሔት ነገር ሳስብ ሁልጊዜ ሆዴን ይበላኛል። ስሟ «ሰላምታ» ነው። ያኔ የምትዘጋጀው አዲስ አበባ አልነበረም፤ እዚሁ ናይሮቢ፣ ካሜራፒክስ በሚባለው ድርጅት ነበር። የድርጅቱ መሥራች መሐመድ አሚን በዚያው አውሮፕላን ላይ ተሳፍሮ ወደ ቤቱ ናይሮቢ እየተመለሰ ነበር። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ያኔ ግን አንድ ሰው ጣልቃ ገባ። ኪሊማኒ አካባቢ መኪና የሚያከራይ፣ ስለ ሁሉም ነገር በቁጣ የሚናገር ጎረምሳ ነው።

— እኔን ያናደደኝ አብራሪው ነው! በሩን ይከፍታል? ልቡ የለማ! ወንድ ቢሆን መሪውን ጠምዝዞ መሬት ላይ ያሳርፋቸው ነበር።

— አንተ መኪናህ ነዳጅ ሲጨርስ ዳር ይዘህ ትቆማለህ፤ የሱ ዳር የት ነው? ልቡ የለም ከማለትህ በፊት የ961ን አብራሪ ልንገርህ። ልዑል አባተ ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ጊዜ ተጠልፎ ያውቃል። ሁለቱንም ጊዜ ሰው ሳይሞት አሳርፏል። በሦስተኛው ረዳቱን ዮናስ መኩሪያን ደብድበው ከክፍሉ አስወጡበት፤ ብቻውን ቀረ፤ መጥረቢያ ከአናቱ በላይ ነው። «ወደ ባሕር» ሲሉት ምን አደረገ? የአፍሪካን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ደቡብ ነዳው። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው፤ እየታዘዘ የሚመስል፣ ግን መሬት ከዓይኑ እንዲጠፋ ያልፈቀደ። መሬት አሁንም እንደሚታይ ሲነቁ «ወደ ምሥራቅ ዙር» አሉት፤ ዞረ። ግን አውስትራሊያን አልያዘም፤ ሳያውቁበት ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አቀና፤ እዚያ መሬት እንዳለ ያውቃል። የጠላፊውን ትእዛዝ እየፈጸመ ለተሳፋሪው መሬት የፈለገ ሰው ነው። አንተ ጀግና የምትለው የሚጮኸውን ነው፤ የሱ ጀግንነት መሪው ላይ ባለው እጁ ነበር።

— እሺ፣ ደረሰ እንበል። ለምን አላረፈም ታዲያ?

— ሊያርፍ ነበር! ግራንድ ኮሞር ላይ የሞሮኒ አውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ ወደዚያ ሊወርድ ሲዘጋጅ መጨረሻው ሰዓት ላይ ጠላፊዎቹ ታገሉት፤ ማረፊያው ከዓይኑ ጠፋ። ነዳጁም አለቀ። ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አንተ ሰው የጫነ ማታቱ ሞተሩ ጠፍቶ ከንጎንግ ኮረብታ ሲወርድ አስበው፤ ከዚያ ኮረብታውን አንሣና ውቅያኖስ አድርግበት።

ይህን ስል ሒሳበኛዋ እጇን አነሣች። በድራማው ያልገባት ነገር ነበር፤ ሞተር ሲጠፋ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ የሚወድቅ ነበር የሚመስላት። አይወድቅም፤ ይንሳፈፋል። ሁለቱም ሞተር ሲጠፋ ከ767 ሆድ አንዲት ትንሽ መዘውር ትወርዳለች፤ ነፋሱ ራሱ ያዞራታል፤ እሷ የምታመነጨው ኃይል አውሮፕላኑን ለመምራት ያህል ብቻ ነው። ፍጥነት የሚቀንሱትን የክንፍ ክዳኖች፣ ፍላፕ የሚባሉትን፣ ለመዘርጋት አይበቃም። ስለዚህ ልዑል ውሃው ላይ የወረደው አንድ አውሮፕላን ከሚያርፍበት ፍጥነት በላይ ነው። ረዳቱ ዮናስ የተደበደበ ገላውን ይዞ በመጨረሻዋ ደቂቃ ተመልሶ ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። ከባሕሩ ዳር 500 ሜትር ያህል ላይ፣ ለ ጋላዋ የሚባለው ሆቴል ፊት ለፊት፣ የግራው ክንፍና ሞተር ቀድሞ ውሃውን ነካ፤ አውሮፕላኑ ተገነጣጠለ። ጫጉላ ላይ የነበሩ ደቡብ አፍሪካውያን ባልና ሚስት ከአሸዋው ላይ ሆነው ቀረጹት። ያቺን ቪዲዮ ያላየ ሰው የለም። ያያት ሁሉ ግን የማን እንደሆነች አያውቅም።

— ቆይ፣ ቆይ! አለ ሪሞት ያዡ። ውሃ ላይ ማረፍማ ቀላል ነው፤ አሜሪካዊው አርፎ የለ እንዴ? ቶም ሃንክስ የሠራውን ፊልም አይቻለሁ።

— አየህ! የአብራሪውን የሰሊን ስም ታውቃለህ። ጥር 2009 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ፣ ሐድሰን ወንዝ ላይ፤ 155 ሰው፤ ሁሉም ወጡ። ሰውዬው ክብር ይገባዋል፤ አንድ ቃል አልቀንስበትም። አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጥ። ሐድሰን ጸጥ ያለ ወንዝ ነው፤ ጀልባዎች ዙሪያውን ነበሩ፤ የአብራሪው ረዳት ከጎኑ ነበር፤ አናቱ ላይ መጥረቢያ የያዘ ሰው አልነበረም። ልዑል ውቅያኖስ ላይ ነው፤ ማዕበል አለ፤ ከጀርባው ሰው ይታገለዋል። ከ175 ሰው 50 ተረፉ፤ 125 ሞቱ፤ ሦስቱ ጠላፊዎችም ከሟቾቹ ውስጥ ናቸው። ልዑልና ዮናስ ተረፉ፤ የዓለም አብራሪዎች ፌዴሬሽን የፖላሪስ ሽልማት ሰጣቸው። ልዑል ተመልሶ መብረር ጀመረ። ወንድሜ፣ የሐድሰኑን አብራሪ ስም በአንድ ትንፋሽ ትጠራለህ፤ የራስህን መስመር አብራሪ ስም ግን እስከ ዛሬ ከሰዓት አታውቀውም ነበር። ይህን የምልህ ላሳፍርህ አይደለም፤ ስሙን ከእኔ ይዘህ እንድትሄድ ነው። ድገመው፦ ልዑል አባተ።

ልጁ ደገመው። እትዬ ሁለተኛውን ቡና ቀዱ።

ኢስሊ የሚኖር ጓደኛችን ደግሞ ሌላ ነገር ይዞ መጣ።

— ጠለፋ የሩቅ ሰው ነገር ነው። የእኛ ሰው አያደርገውም፤ ፊልሙ እኛን አይመለከትም።

ይህንን እኔ ሳልሆን ጋሼ ናቸው የመለሱት። ጋሼ በንጉሡ ጊዜ ተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ድምፃቸውን አያነሡም።

— ልጄ፣ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ሰባት ወጣቶች ወደ አሥመራ የሚበር የእኛኑ አውሮፕላን ሊጠልፉ ተነሡ። ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ የሞቱት እዚያ አየር ላይ ነው። ቦምብ ፈንድቶበትም አውሮፕላኑ ተመልሶ አዲስ አበባ በሰላም አረፈ። እኔ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነበርኩ። ያን ቀን ምሳ የበላ ሰው አላየሁም። «አይመለከተንም» አትበል።

ማንም አልመለሰላቸውም፤ የሚመለስም አልነበረም። እኔ ወደ ቅርቡ አመጣሁት፤ መኪና አከራዩን በሩን የከፈተው አብራሪ አሁንም ስላናደደው ነው።

— አንተ ስለ በር ነው የምታወራው። በ2001 እ.ኤ.አ. ከደረሰው የኒውዮርክ ጥቃት በኋላ የአብራሪዎች በር እንዲጠነክር ተደረገ፤ ከውጭ እንዳይሰበር። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ወደ ሮም የሚበረው በረራ 702 ላይ ዋናው አብራሪ ለመጸዳጃ ወጣ፤ ረዳቱ ያንን የጠነከረውን በር ከውስጥ ቆለፈው። ጄኔቫ ወሰደው፤ ራሱ አሳረፈው፤ በመስኮት በገመድ ወርዶ እጁን ሰጠ። 202 ሰው ነበር፤ አንድም አልተጎዳም። የስዊዘርላንድ አየር ኃይል ተዋጊዎች አልተነሡም፤ በዚያን ዘመን የሥራ ሰዓታቸው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር የሚጀምረው፤ አውሮፕላኑ ግን ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ደረሰ። የጣሊያንና የፈረንሳይ ተዋጊዎች ናቸው ያጀቡት። ታዲያ በር ብቻውን ምን ያደርጋል? ከበሩ ወዲያ ያለውን ሰው ጤና፣ እንቅልፉን፣ ጭንቀቱን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ከልቤ ነው የምልህ። ድራማ ጠላፊን ሁልጊዜ ከጀርባ ያመጣዋል፤ ያን ሌሊት ግን መሪው ላይ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የእሳቸው ፍርድ የሚመጣው ሁሉም ከተናገረ በኋላ ነው።

— እኔን የሚገርመኝ ተሳፋሪው ነው። ኢድሪስ ብቻውን ይደራደራል፤ ሌላው ሁሉ ጭንቅላቱን ቀብሮ ይቀመጣል። መቶ ሰው ቢነሣ ሦስት ሰው ምን ይሆናል? ሰው እንዲህ ዝም አይልም።

— ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ግን ሰው ዝም የሚለው ስለፈራ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱ ይነሣል ብሎ ስለሚጠብቅ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ቀድሞ የሚነሣው ሰው ሒሳቡን ብቻውን ይከፍላል። ልዑል አንደኛው ሞተር ሲጠፋ በማይክሮፎን ለተሳፋሪው ተናገረ፤ ነዳጅ ማለቁን፣ ውሃ ላይ እንደሚወርዱ፣ በጠላፊዎቹ ላይ እንዲነሡ። አብራሪ ተሳፋሪውን ለአመፅ ሲጠራ አስቡት። ሰው ግን ሞት ሲነገረው እጁ ወደ ጎረቤቱ አይሄድም፤ ወደ ልጁ ነው የሚሄደው፤ ወደ መቀመጫው ቀበቶ ነው። በዚህ አልፈርድም።

አንድ ሰው ግን ተነሥቶ ነበር። አሁን ወደ መሐመድ አሚን ልመለስ።

ሞ አሚን ይሉታል። ኢስሊ ነው የተወለደው፣ በ1943 እ.ኤ.አ.፤ ዛሬ የእኛ ሰው ሱቅ የሚከፍትበት፣ አሞሌ ጨውና በርበሬ የምንገዛበት ያው ኢስሊ። የካሜራ ሰው ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ደረሰ። እዚያ የቀረጸው ምስል ነው ዓለም በረሀባችን ላይ ዓይኑን የገለጠበት። ያ ምስል ባይኖር የለንደኑና የፊላዴልፊያው የ«ላይቭ ኤይድ» ኮንሰርት አይኖርም ነበር። እዚህ ቤት ካለነው ውስጥ በዚያ ዓመት ስንዴ እናቱን ያተረፈለት ሰው አለ፤ ስሙን አልጠራም፤ ራሱ ያውቃል፤ እያየሁት ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ሞ እዚያ ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረው ጆን ማታይ ሞተ፤ የሞ ግራ እጁ ተቆረጠ። ሰው ሠራሽ እጅ አስገጠመ፤ ካሜራውንም ተሸከመ። እንዲህ ያለ ሰው ነው በ961 ላይ መቀመጫው ላይ የተቀመጠው። ከእሱ ጋር የሥራ ባልደረባው ጸሐፊው ብራያን ቴትሊ ነበር።

የተረፉት እንደተናገሩት ሞ ተሳፋሪውን ለማስነሣት ሞከረ። ሲወድቁም አልተቀመጠም። ከጠላፊው ጋር እየተከራከረ፣ ቆሞ ነው የሞተው። ቴትሊም ሞተ። ጋሼ፣ ጥያቄዎ መልስ አለው፤ ሰው ዝም አላለም። አንድ እጅ ያለው የናይሮቢ ሰው ቆሞ ነበር። እሱ ያሳትማት የነበረችው መጽሔት ጠላፊዎቹ እጅ ውስጥ ነበረች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ኢስሊ የሚኖረው ጓደኛችን ቀስ ብሎ «እኛ ሰፈር?» አለ። አዎ፣ እናንተ ሰፈር። ልጁ ሳሊም በ2006 እ.ኤ.አ. «ሞ ኤንድ ሚ» የሚል ዘጋቢ ፊልም ስለ አባቱ ሠርቷል፤ ከ«ሃይጃክ» በኋላ ይህንን አግኝታችሁ እንድታዩት እለምናችኋለሁ።

ሪሞት ያዡ ጸጥታውን አልወደደም፤ የሚቀጥለውን ክፍል ጫነ። መጀመሪያው ላይ የበረራ አስተናጋጆች የደኅንነት መመሪያውን ሲያሳዩ ነበርና አለፈው፤ ወደፊት አሮጠው።

— ይህ አሰልቺ ነው፤ ምን ያደርጋል? ሁልጊዜ ያው ነው።

እዚህ ላይ ድምፄን አነሣሁ፤ አልጸጸትም።

— መልሰው! ወደኋላ መልሰው! ይህችን ነገር ሳትሰማ ዛሬ ከዚህ ቤት አትወጣም። 961 ላይ የሞቱት ብዙዎቹ አውሮፕላኑ ሲመታ አልሞቱም። ከምቱ ተርፈው ነበር። የገደላቸው የነፍስ አድን ጃኬታቸው ነው። አስተናጋጆቹ «ጃኬቱን ልበሱ፤ ውስጥ ሆናችሁ ግን አትንፉት» ብለው ነበር። ሰው ፈራ፤ ገመዱን ሳበ፤ ጃኬቱ ተነፋ። አውሮፕላኑ ተሰብሮ ውሃው ሲገባ ምን ይሆናል? የተነፋው ጃኬት ወደ ላይ ያነሣሃል። ላይ ጣሪያ ነው። በሩ ከታች፣ ውሃው ውስጥ ነው። ወደ በሩ ለመድረስ ጠልቀህ መዋኘት አለብህ፤ ጃኬቱ ግን አያስጠልቅህም። ጣሪያው ሥር ተጣብቀህ ውሃው ይሞላብሃል። ያልነፋው ግን ጠልቆ በበሩ ወይም በስንጥቁ ወጥቶ፣ ውጭ ሆኖ ነፋው፤ ተረፈ። ወደ ባሕሩ ዳር ቀድመው የደረሱት የደሴቲቱ ነዋሪዎችና ሆቴሉ ውስጥ ያሉ እንግዶች ናቸው፤ ጠላቂዎች ነበሩ፤ ለዕረፍት የመጡ ፈረንሳውያን ሐኪሞችም ነበሩ። የቻሉትን ሁሉ አወጡ። ጣሪያው ሥር የተጣበቁትን ግን ማንም ሊደርስላቸው አልቻለም። አንተ «አሰልቺ» ያልካት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት በእነዚህና በእነዚያ መካከል የቆመችው።

ሪሞቱን አስቀመጠ። በእውነት አስቀመጠው፤ ጠረጴዛው ላይ።

ሒሳበኛዋ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ፤ ሳስበው ያደርኩት ጥያቄ ነው። «ታዲያ አስተናጋጆቹ ተናግረው ከነበር ሰው ለምን አልሰማም?» እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከናይሮቢ ወደ አዲስ አበባ በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። አስተናጋጇ ጃኬቱን ለብሳ ስታሳይ ከፊት ለፊቴ ያለው ሰው በስልክ ስለ ጭነት ዋጋ ይከራከራል፤ ከጎኔ ያለችው እናት ልጇን ታጠባለች፤ ከኋላ ያለው ገና ሳይነሡ ተኝቷል። አየሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሁሉም ዞሮ የሚያየው አስተናጋጇን ነው። ያኔ ግን እሷም ቀበቶዋን አስራ ተቀምጣለች። የምትናገረውን ተናግራ ጨርሳለች፤ የተናገረችው እኛ ስንስቅ ነው። ከዚያ በላይ መልስ የለኝም።

ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። የሪሞቱ ልጅ ለገና አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ቲኬቱን ከቆረጠ ሳምንት ሆኖታል፤ ድራማውን ስናይ ሁሉ ስለ ሻንጣው ኪሎ ነበር የሚያወራው። አሁን ግን ወደ እትዬ ዞረ። እሳቸው ሙሉውን ከሰዓት ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠው አንድም አስተያየት አልሰጡም። እኔ አጠገባቸው ሆኜ ያላስተዋልኩትን ያኔ አየሁ፤ ድራማውን ሳይሆን ሁላችንን ሲያዩ ነበር የዋሉት።

— እትዬ፣ አለ፤ ጃኬቱን መቼ ነው የምነፋው?

እትዬ ስኒውን አቀበሉትና፦

— ከበሩ ስትወጣ ልጄ፤ ከበሩ ስትወጣ። አሁን ጠጣ፤ በረካ ነው።